መኪና ውስጥ የሚበላ ምሳ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ሃና ከዩኒቨርሲቲ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። እኔ ጠረጴዛው ላይ ምስር አፍስሼ እለቅማለሁ። ክሊንተንቪል የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን አሮጌ ስለሆነ ወለሉ ይንቋቋል፤ ማን እንደገባ ቀና ሳልል አውቃለሁ። ሃና ስትሆን ግን ጎረቤትም ያውቃል። ስልኳን ከምስሩ በላይ ደቀነችው።

«ማሚ፣ ሉክ! እዪው፣ ባባ እኮ ነው!»

ባባ የምትለው አያቷን ነው፤ አባቴን። ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው።

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁ። የአንድ በጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ድረ ገጽ ነው። ከላይ በትልልቅ ፊደል ፋውንዴሽኑ ለዘር ፍትሕ ቃል እንደገባ ተጽፏል። ከስር ደግሞ «ከማኅበረሰቡ ጋር የተጓዝንበት መንገድ» ተብሎ የድሮ ፎቶዎች ተደርድረዋል። አባቴ ሦስተኛው ላይ ነው። ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ማይክሮፎን ይዞ ፈገግ ብሏል። ከጎኑ የአንዲት ቀጭን ልጅ ትከሻና ግማሽ ፊት ይታያል፤ እሷ እኔ ነኝ። ከፎቶው ስር፣ በእንግሊዝኛ፣ በአባቴ ስም እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦ ሁሉም ሰው መልካም አድርጎልናል፤ ምንም የጎደለብን ነገር የለም።

«ዲድ ሂ ሪሊ ሴይ ዛት?» አለችኝ። እውነት እሱ ነው እንዲህ ያለው ማለቷ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እሱ ነው ያለው። እንግሊዝኛው የኔ ነው» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ገጹን ወደ ታች ገፋ አድርጋ ሌላ ነገር አሳየችኝ። ፋውንዴሽኑ በሚቀጥለው ወር ሕዝቡን ለመስማት ስብሰባ ጠርቷል፤ በድሮዎቹ ፎቶዎች ላይ ያሉ ሰዎች ቤተሰቦች ቢመጡ ደስ ይለዋል። ሄጄ ስለ ባባ እንድናገር ትፈልጋለች። አስብበታለሁ አልኳት።  እኔ ምስሬን መልቀም ነው የቀጠልኩት። ሁለት ጠጠር አገኘሁ።

ያ ፎቶ ሲነሳ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ኒር ኢስት ሳይድ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃው በተንጋደደ ቤት ላይኛው ፎቅ፣ አባዬ፣ እማዬና እኔ እንኖር ነበር። አባዬና እኔ በኒው አልባኒ በኩል ባለ አንድ መጋዘን በአንድ ሺፍት እንሰራለን። እሱ ካርቶን ይደረድራል፤ እኔ አድራሻ እለጥፋለሁ። አባዬ አገር ቤት ሳለ የመድኃኒት መጋዘን ሹም ነበር፤ ማለትም ካርቶን የሚደረድሩትን የሚያዝ ሰው ነበር። በዚህ ሲማረር ሰምቼው አላውቅም። ካርቶን ካርቶን ነው ይላል።

ማለዳ አንድ መቶ ስልሳ አንድ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምሥራቅ እንነዳለን። ያኔ መንገዱ ዳር ገና ብዙ የበቆሎ ማሳ ነበር። በመከር ጊዜ ጉሙ ማሳው ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ የመኪናችን ማሞቂያ ደግሞ መሥራት የሚጀምረው ልንደርስ ስንል ነው። የሁለታችንን ምሳ እማዬ በአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ትቋጥራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍርፍር ነው። ክዳኑ ጠቅ ብሎ የሚገጥም ሰማያዊ ዕቃ ነበር። አባዬ ከመኪናው ሲወርድ ብብቱ ስር ይይዘዋል።

የመጋዘኑ መውጫ በር አጠገብ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማንኛውም ሠራተኛ ሲወጣ ሊፈተሽ ይችላል ይላል። ወረቀቱ የሚለው ይሄን ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ነጮቹ «ሲ ዩ ቱሞሮ» እየተባባሉ በጠረጴዛው ጎን ያልፋሉ፤ ጥቁሮቹ ይቆማሉ። እዚሁ የተወለደውም፣ ሶማሌውም፣ እኛም። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጠባቂው እንዲያውም ትሑት ሰው ነበር፤ «ሶሪ» ሳይል ቦርሳ አይከፍትም።

መጀመሪያ አካባቢ ነገሩ አልገባኝም። አባዬ ግን በሁለተኛው ቀን ነው የገባው። እሱ ፍተሻን አይጠላም፤ በእሱ መጋዘን ፍተሻ የሚጀመረው ከራሱ ኪስ እንደነበር ሲያወራ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ግን፣ የብሬኩ ጊዜ አጥሮ ምሳችንን ግማሹን መልሰነው፣ ጠባቂው ሰማያዊውን ዕቃ ከፈተ። አንዴ አየው። ከዚያ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ በጫፉ ፍርፍሩን ገለበጠው፤ ከስር የተደበቀ ነገር ካለ ለማየት። ወጡ እስክሪብቶውን ሲነካው በሶፍት ጠረገው። እስክሪብቶውን ማለቴ ነው። «ሶሪ፣ ቦስ» ብሎ ክዳኑን ሳይገጥም ገፋለት።

እኔ ከሱ ኋላ ነበርኩ። አባዬ ክዳኑን በዝግታ ገጠመ፤ ጠቅ ሲል ሰማሁት። መኪና ውስጥ ስንገባ «ነገ ዝናብ አለ መሰለኝ» አለ። እኔም «ይመስላል» አልኩ። ቤት እስክንደርስ ስለ ዝናብ ነው ያወራነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳችን መኪና ውስጥ ይቀራል። በብሬክ ሰዓት ወጥተን እንዳንበላ መውጣት ማለት ጠረጴዛው ጋ መቆም ነው። ስለዚህ አሥር ሰዓት ሙሉ ውኃ ብቻ እየጠጣን እንሠራና፣ ኪሳችንን አስገልብጠው ሲያሳልፉን፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተር አስነስተን እንበላለን። አባዬ ዕቃውን ማሞቂያው ላይ ትንሽ ያስቀምጠዋል። መስተዋቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ መኪናዋ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ሁልጊዜም አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል፤ «ጌታ ሆይ፣ ስለሰጠኸን ተመስገን»። ከዚያ እንጎርሳለን። አንተያይም ነበር። ቤት ስንደርስ እማዬ ባዶውን ዕቃ ተቀብላ «ጎሽ፣ ዛሬም ጨረሳችሁት» ትላለች። ደስ ይላታል። አባዬ እንዳልነግራት አስጠንቅቆኝ አያውቅም፤ ማስጠንቀቅም አላስፈለገውም።

ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ ከሰዓት የሚሰበሰበው በአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የአዳራሹን ቁልፍ የምትይዘው ሚስ ሎሬን ናት። ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ስሜን ከአሜሪካውያን ሁሉ አስተካክላ «ሂሩት» የምትለኝ ሴት ነበረች። የእህቷ ልጅ እኛ መጋዘን ይሠራ ስለነበር ጠረጴዛውን ታውቀዋለች። እንዲያ ያለ ነገር የሚገጥማቸው ሠራተኞች ጠበቃ የሚያገኙበት አንድ ቢሮ በአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል ለመክፈት ይሄንኑ ፋውንዴሽን ገንዘብ ጠይቃ ነበር። ፋውንዴሽኑ ደግሞ ያኔም ስለ ዘር ጉዳይ የሕዝቡን ድምፅ እሰማለሁ እያለ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። ችግሩ ካለ ሰዎቹ ራሳቸው ይንገሩን አሏት።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ቅጠሉ ደረጃችን ላይ ተከምሮ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ሚስ ሎሬን ቤታችን መጣች። አባዬ ቅጠል እየጠረገ ነበር። እኔ አስተረጉማለሁ።

«ሚስተር ታደሰ፣ የኔን ድምፅ ሃያ ዓመት ሰምተውታል፤ ሰልችቷቸዋል» አለችው። «የርስዎን አልሰሙትም። ጠረጴዛው ጋ የሚሆነውን ብቻ ይንገሯቸው።»

አባዬ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ያየሁትን ነው የምናገረው። ምን ያስፈራኛል? እናገራለሁ በያት» አለኝ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱ በእንግሊዝኛ «አይ ዊል ስፒክ» አላት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ያን ቀን ኮርቼበት ነበር፤ ይሄን በደንብ አስታውሳለሁ።

እንግዲህ ስህተቱ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የማንም ስህተት አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ከፋውንዴሽኑ የመጣው ደብዳቤ ቀለል ያለ ቁርስ ይዘን እንመጣለን ይላል። ቤተ ክርስቲያን ላይ ሳነብላቸው እናቶች ተሳቀቁ። እንግዳ ወደ ቤትህ ሲመጣ ብስኩቱን ይዞ ይምጣ? ሁለት ቀን ሙሉ ተሠራ። እማዬ ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይኗ አበጠ። ከእንግዶቹ አንዷ ሥጋ እንደማትበላ ሲነገራት በመጨረሻው ሰዓት አንድ ትሪ የጾም ፍርፍር ጨመረች፤ ቶሎ የሚደርስላት እሱ ነበር። ሴቶቹ ሲሠሩ ሳይ አንድ ነገር ሸክኮኝ፣ «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የሚመጡት ችግር ሊሰሙ ነው» ብያታለሁ።

«ቢሆንስ? በባዶ ሆድ ነው የሚሰሙት?» አለችኝ።

ቢላ አንስቼ ከጎኗ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። 

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሦስት እንግዶች ወደ አዳራሹ መጡ፤ አንዲት ጠጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴትዮ፣ ጸሐፊዋና አንድ ፎቶ አንሺ። ሴትዮዋ ቢጫ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። ደብተሩን ሳትከፍተው እጇን አስታጠቧት። እሷም አልተግደረደረችም፤ በላች። በተለይ ፍርፍሩን ወደደችው። ስሙን ሦስት ጊዜ አስደግማኝ ደብተሯ ላይ የጻፈችው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ጣቷን ላሰች። አባዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነበር። እኔ እሱን አየሁት፤ እሱ ትሪውን ያያል።

ከምግቡ በኋላ ማይክሮፎኑ ወጣ። ያ ማይክሮፎን እሁድ እሁድ ምስክርነት የሚሰጥበት ነው። የተፈወሰ ይነሳና ያመሰግናል፤ የመኖሪያ ወረቀት ያገኘ ይነሳና ያመሰግናል፤ ሕዝቡም አሜን ይላል። በዚያ ማይክሮፎን ማንም ሰው አቤቱታ ተናግሮ አያውቅም። መጀመሪያ የተነሱት እትዬ አልማዝ ናቸው፤ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥራ ቦታ እሳቸውን ምን እንደሚያስለቅሳቸው ሁላችንም እናውቃለን። ማይክሮፎኑን ያዙና ጌታ ወደዚህ አገር እንዳመጣቸው፣ ልጆቻቸውን እንዳስተማረላቸው ተናገሩ። አሜን ተባለ። ቀጥሎ አንድ ወንድም ተነሳ፤ እሱም አመሰገነ። አሜን። ሚስ ሎሬን ከኋላ፣ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች።

ሦስተኛ አባዬ ተነሳ። እኔም ላስተረጉም አጠገቡ ቆምኩ።

«ሥራ ቦታ…» ብሎ ጀመረ።

ሴትዮዋ ብዕሯን አነሳች።  እማዬ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከሴትዮዋ ኋላ ቆማለች፤ ጉንጯ በሥራ ቀልቷል፤ ባሏ እንግዳ ፊት ሊናገር ስለተነሳ ደስ ብሏታል። የዚያን ሰማያዊ ዕቃ ነገር ልትሰማ ነው። በየማለዳው የምትቋጥረው ምን እንደሚደረግ፣ ለምን ተጠርጎ ባዶ እንደሚመለስ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። አባዬ አያት። ከዚያ ሴትዮዋን አያት፤ ጣቷ ላይ አሁንም ቀይ ወጥ አለ።

«ሥራ ቦታም ሆነ የትም፣ ጌታ ይመስገን፣ ሁሉም ሰው መልካም ነው ያደረገልን። ምንም የጎደለብን ነገር የለም» አለ።

አሜን ተባለ። ከዚያ የኔ ተራ ሆነ።

ስለዚህች ጊዜ ብዙ አስቤያለሁ። ጠረጴዛውን እኔም አይቼዋለሁ፤ የኔም ኪስ ይገለበጣል። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው አፌ ላይ ነው። አባዬ የተናገረውን ተናግሬ «እኔ ግን» ብዬ መቀጠል እችል ነበር። ሚስ ሎሬን ከኋላ ዓይኗን አልነቀለችም። ፈርቼ ነበር ብል ለራሴ ማዘን ይሆናል፤ አልፈራሁም። የሰው ሬድዮ የማዳምጥ እየመሰለኝ፣ የአባዬን ቃል አንድ በአንድ አስተረጎምኩት። እንዲያውም አሳምሬ ነው ያስተረጎምኩት። ፎቶ አንሺው ያነሳን ያኔ ነው።

ሴትዮዋ ስትሰናበት ፍርፍሩን ለልጇ ልታስቀምስ ፈለገች። እማዬ ዕቃ ፈለገች፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም አንድ ብቻ ነበር። ሰማያዊውን ሞልታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ይዛው፣ እየሳቀች፣ በበሩ ወጣች። ዕቃው አልተመለሰም።

ድስት ያጠብነው ሚስ ሎሬንና እኔ ነን። እኔ አጥባለሁ፤ እሷ ታደርቃለች።  በመጨረሻ አንድ ክዳን እየወለወለች፣ ሳትቆጣ፣ «አንቺም አይተሽዋል አይደል፣ ልጄ?» አለችኝ። የቧንቧውን ውኃ ከፍ አደረግሁት። እሷ ክዳኑን አስቀምጣ ሌላ አነሳች።

ከገና በፊት ደብዳቤ መጣ። ፋውንዴሽኑ በአካባቢው የቢሮው አስፈላጊነት አልታየኝም ብሎ ነበር። ለኢትዮጵያውያኑ ግን የምግብ ፌስቲቫል እንዲያዘጋጁ ድጋፍ ፈቅዷል። ፌስቲቫሉ ተደረገ፤ ብዙ ሰው በላ። ሚስ ሎሬን እሁድ እሁድ አዳራሹን መክፈቷን አልተወችም፤ ስሜንም አስተካክላ መጥራቷን አልተወችም። ይቅርታ ሳልጠይቃት ሞተች። አባዬ ጠረጴዛው ጋ ኪሱን እያስገለበጠ ስድስት ዓመት ሠራ። እኔ በሚቀጥለው በጋ ሌላ ሥራ አገኘሁ። ስለዚያ ቀን ከአባዬ ጋር አንድም ጊዜ አላወራንም፤ ስለ ዝናብ ግን ብዙ አውርተናል።

ማክሰኞ ዕለት ምስሩን ስጥደው ሃና ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ስትጽፍ አየኋት። ለስብሰባው የምናገረውን እያዘጋጀችልኝ ነው። አያቷ ሲያሳድጋት እንዴት እንደነበር፣ በተለይ ስለ ፒክኒኩ ልትጽፍ አስባለች። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነበር። ቤት ደጃፍ ያቆሙና አይወርዱም፤ ምሳውን መኪና ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከሷ ጋር ይበላል። ዝናብ ሲሆን መስተዋቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ እሷም በጣቷ ሥዕል ትስልበታለች። ፒክኒክ ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። እኛም በቤታችን «የባባ ምግብ ቤት ጎማ አለው» እያልን እንስቅ ነበር። እማዬም ትስቅ ነበር። ሰው ሲጠይቀን ልማዱ ነው እንላለን።

«ስለ ፒክኒኩ አትጻፊ» አልኳት።

«ዋይ?» ለምን ማለቷ ነው።

ነገርኳት። ምድጃው ጋ ቆሜ፣ ምስሩን እያማሰልኩ፣ ጠረጴዛውን፣ እስክሪብቶውን፣ ሰማያዊውን ዕቃ፣ ማይክሮፎኑን። ለሐኪም ስለ ሌላ ሰው በሽታ የማወራ እንጂ የራሴን የምናገር አልመሰለኝም። ስጨርስ ዞሬ አየኋት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች።

«ሶ… ፒክኒኩ…» አለችና አልጨረሰችውም።  ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች፣ «እኔ እኮ ደስ ስለሚለው መስሎኝ ነበር» አለች።

«ካንቺ ጋር ደስ ይለው ነበር። እሱም እውነት ነው» አልኳት።

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። የጻፈችውን ስታጠፋ አየሁ። የስብሰባውን ፎርም ከፈተችና ስሜን አስገባች። አማርኛዋ አልቆ ይሁን ሌላ፣ በእንግሊዝኛ፣ ፎርሙ ምሳ እንዳለ እንደሚገልጽና ምን እንደምበላ እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። ዶሮ፣ አትክልት ወይም ሌላ።

«መጀመሪያ እናገራለሁ፤ ከዚያ እበላለሁ በያቸው።»

«ማሚ፣ እንደዚህ የሚል ኦፕሽን የለም።»

«ሌላ የሚለው ላይ ጻፊው» አልኳት።

ጻፈችው።